እግረ ቀጭኗ ባዝራ

የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ፈረስ እግሩን የሰበረው በዓመታዊው ውድድር ሦስተኛ ዙር፣ ከኮረብታው ጀርባ ወጥቶ ሕዝቡ ወደቆመበት ሜዳ ሲመለስ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ካብ ላይ ተቀምጬ ነበር። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ከኋላዬ አንድ ሰው ቅርንጫፍ የሰበረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ፊቴን ስመልስ ፈረሱ በሦስት እግሩ ይሮጣል። አንደኛው የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፈረሰኛው ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ቢለጠጥም ፈረሱ አልቆምም አለ። ከፊቱ ያሉትን ሊደርስባቸው ይሞክር ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ከስብራቱ ይልቅ የሚያመኝ ያ መሞከሩ ነው።

ሲወድቅ ሰው ሁሉ ሮጠ። የፈረሱ ባለቤት ጋቢውን ገፎ የፈረሱን ዓይን ሸፈነና ወደ አባቴ ቀና አለ።

«አንተ አድርግልኝ» አለው። «እኔ አልችልም።»

አባቴ ዕድሜውን በፈረሰኛ ፖሊስነት የጨረሰ ሰው ነው። ሥራውን ከተወ ቢቆይም እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ለጥበቃ ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ጠመንጃውን አቀበለው። አባቴ ተንበርክኮ የፈረሱን አንገት ጥቂት ደባበሰ፣ ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ጥይት ገላገለው። ጠመንጃውን መለሰ፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ወደ ዳኞቹ ቦታ ተመልሶ ለአሸናፊው ፈረስ አንገት የሚታሰረውን ቀይ ግምጃ አሰረ። ቋጠሮው እምቢ ብሎት ደጋግሞ ሲሞክር አየሁት። ማንም አልረዳውም። ሊረዳው የሚደፍርም አልነበረም።

ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ ነበር። «በሁለተኛው ዙር ቢያልቅ ኖሮ ይኼ ፈረስ ዛሬ ገብሱን ይበላ ነበር» አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ግን ያ አነጋገሩ በቤታችን ውስጥ ጸንቶ የቆየ ጠብ መጀመሪያ ሆነ።

ቤታችን በዓባ ሻውል ሰፈር ጫፍ፣ የድንጋይ ቤቶቹ ተጠጋግተው ተጠጋግተው ድንገት እርሻ በሚሆኑበት ቦታ ነበር። ጓሮ ስለነበረን ነው አባቴ ያንን ቦታ የመረጠው፤ ጓሮው ለፈረስ ነው። እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ ጣልያኖች ባቋቋሙት ኦፊቺና ማኪና ይጠግናል። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ሲባል ቋንቋውን ቀድመው ከተማሩት አንዷ ስለነበርኩ ሥራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቤት ስገባ ግን ምላሴ ወደ ትግርኛ ይመለሳል። አባቴ አማርኛ ይሰማል፤ መናገር አይወድም። እዚህ የምጽፈው የቤታችን ንግግር ሁሉ እኔ ወደ አማርኛ የመለስኩት ነው። ስጽፈው የአባቴ ድምፅ ትንሽ የሚቀል ይመስለኛል። በራሱ ቋንቋ ከባድ ሰው ነበር።

ውድድሩ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ይደረጋል። ኮረብታውን ሦስት ጊዜ መዞር ነው። የመጀመሪያው ዙር የፈረሰኛው፣ ሁለተኛው የፈረሱ፣ ሦስተኛው የእግዚአብሔር ነው ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ እየሣቁ። ከኮረብታው ጀርባ መሬቱ ድንጋያማ ነው። ሕዝቡ ማንንም ስለማያይ ፈረሶቹ ብቅ እስኪሉ ሜዳው ጸጥ ይላል። ልጅ ሳለሁ ከውድድሩ ሁሉ የምወደው ያንን ጸጥታ ነበር።

የዱሮዎቹ ፈረሶች አጫጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ እግራቸው እንደ ምሶሶ የወፈረ ነበሩ። ለዓይን አያምሩም። ጭድ በልተው ይውላሉ፤ ሦስቱን ዙር ጨርሰው ባለቤታቸውን ተሸክመው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። እነዚያ ፈረሶች እንዴት እንዳለቁ በትክክል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አንዳንዶቹን በሽታ ጨረሳቸው፣ አንዳንዶቹ ለጋሪ ተሸጡ፣ አውቶቡሱ ወደ መንደሮቹ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ፈረስ የሚያረባ ገበሬ ጠፋ። በዚያው ጊዜ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ጣልያኖች ለሩጫ ያመጧቸውን ፈረሶች ይሸጡ ነበር። ረጃጅሞች፣ ቆዳቸው እንደ ሐር የሚያበራ፣ ሲነሡ እንደ ወፍ የሚበሩ ፈረሶች ናቸው። ሰዉ እነሱን ገዛ፤ እነሱን ካሉት ጋር አዳቀለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሜዳው ላይ የሚሰለፉት ፈረሶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሆኑ።

ወንድሜም ከእነዚያ አንዷን አመጣ። ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ። ባለቤቷ የአትክልት እርሻ የነበረው ጣልያናዊ ነው፤ ወንድሜ የእርሻውን ማኪና ለብዙ ጊዜ ስለጠገነለት ሲሄድ ለሱ ተወለት። ወንድሜ ጓሯችን ሲያስገባት ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት መጣ። አባቴ መጨረሻ ላይ ወጣ። ዞራት። ጎንበስ ብሎ የፊት እግሯን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ለካው፤ ጣቶቹ ዞረው ተገናኙ።

«ቆንጆ ናት» አለ። ከዚያ ጣቶቹን እንደተገናኙ ለወንድሜ አሳይቶ ወደ ቤት ገባ። ወንድሜ ፊቱ ቀላ።

የአባቴ ጓደኛ ፈረስ ከሞተ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰቡ። እኔ ለአባቴ ጋቢ ይዤለት ሄጄ፣ ከዛፉ ወዲያ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆሜ ሰማሁ። ወንድሜ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ።

«አባቶቼ፣ ውድድሩ ይቅር ያለ ሰው የለም» አለ። «ሦስቱን ዙር ሁለት እናድርገው ነው የምለው። የዛሬዎቹ ፈረሶች እናንተ የጋለባችኋቸው አይደሉም። ይኼንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማይችሉትን እያዘዝናቸው ነው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። የዳኞቹ አለቃ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ፣ ወደ አባቴ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አባቴ ተነሣ። «ልጄ ያለው እውነት ነው» ብሎ ጀመረ፤ እኔም ወንድሜም ደነገጥን። «የዛሬዎቹ ደካሞች ናቸው። ግን ለምን ደከሙ? ድሮ ሰው ፈረስ ሲመርጥ ሦስተኛውን ዙር እያሰበ ይመርጥ ነበር። እግሩን ያያል፣ ደረቱን ያያል፣ የእናቱን እግር ያያል። አጥንታቸውን የጠበቀው ውድድሩ ነው። ዛሬ ሁለት ካልን፣ ሰዉ ለሁለት ዙር የሚበቃ ፈረስ ያረባል። የሚወለዱት ከእነዚህ የባሱ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ዙር ልትሉን ነው።»

«እሱ ለሚወለዱት ነው፣ አቦይ» አለ ወንድሜ። «አሁን ያሉትስ?»

«አሁን ያሉት የማይችሉ ከሆነ አይምጡ።»

«እነሱ ካልመጡ ማን ይመጣል? ሜዳው ባዶ ይቀራል እኮ!»

«ባዶ ይቅር» አለ አባቴ። «ባዶ ሆኖ ድሮ እንዲህ ነበር ቢባል ይሻላል።»

ዛሬ ሁለቱንም ንግግር ስጽፍ የትኛው ልክ እንደነበረ መወሰን አልችልም። ያን ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ ሦስቱ ዙር እንዳለ ይቆያል ተባለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ፣ እኔ መካከል ሆኜ ሄድን።

ዓመቱን ሙሉ ወንድሜ ባዝራዋን ሲያዘጋጅ ከረመ። ከኦፊቺናው ሲወጣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ያወጣታል፤ እጁ የዘይት ሽታ ስላለው እሷ ታሸትተውና ፊቷን ታዞራለች፤ እሱ ይሥቃል። እንደዚያ ሲሥቅ የማየው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር። አባቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሻሂውን እየጠጣ ያያቸዋል። አንዴ «አፈሩ ደረቅ ነው፣ ዛሬ አታስሩጣት በለው» አለኝ። ወጥቼ ነገርኩት። ወንድሜ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አየና ባዝራዋን ወደ ጋጣዋ መለሳት። ያን ጊዜ ነገሩ የሚበርድ መስሎኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ኮርቻዋን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሁለቱን ዙር እጋልባታለሁ» አለኝ። «ከዚያ እወርዳለሁ።»

«ለአቦይ ነግረኸዋል?»

«ብነግረው አትግባ ይለኛል። እንድትታይ እፈልጋለሁ። ሁለት ዙር ምን እንደምትችል ሰው ሁሉ እንዲያይ።»

«ያሾፉብሃል፣ አያ።»

«ያሹፉ» አለ። ጠፍሩን ጎተተና ሆዷን መታ መታ አደረጋት።

ያን ቀን እንደሷ ያለ ፈረስ በዚያ ሜዳ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ዙር ከኮረብታው ጀርባ ብቻዋን ብቅ አለች። ሰው መጮህ ረሳ። በሁለተኛው ዙር ስትመለስ የሚከተሏት ፈረሶች ገና አልታዩም፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ካቡ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ከዚያ ከዳኞቹ ፊት ስትደርስ ወንድሜ ልጓሙን ሰበሰበ። ከደንገላሳ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ አወረዳት። ቆመች። ከኮርቻው ወርዶ የፊት እግሮቿን በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ ልጓሙን ይዞ እየመራ ከመንገዱ አወጣት።

መጀመሪያ ሰዉ አልገባውም። «ምን ሆነች? ተጎዳች?» የሚሉ ነበሩ። ምንም አለመሆኗ ሲታወቅ ፉጨት ተነሣ። አንድ ሰው «ለሠርግ አቆያት!» ብሎ ጮኸ፤ ሣቁ ሜዳውን ሞላው። አንዱ የአፈር ጓል ወረወረበት፤ ጀርባው ላይ ፈረሰ። ወንድሜ ዞር አላለም። ባዝራዋ ግን ሌሎቹ ፈረሶች ሲያልፉ ወደነሱ ትጎትተው ነበር፤ አንገቷን አቅፎ ነው የያዛት። አባቴን ፈለግሁት። ከወንበሩ አልተነሣም። ሦስተኛውን ዙር የሚጋልቡትን እያየ ነበር፤ ቢያንስ ዓይኑ ወደዚያ ነው።

ያን ዓመት ያሸነፈው ከሩቅ መንደር የመጣ አንድ አጭር የዱሮ ዓይነት ፈረስ ነው። ሌሎቹ ደክመው ከኋላ ሲቀሩ እሱ በዚያው በማይለወጥ ሶምሶማው ገባ። አባቴ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያን ቀን የተሰበረ ፈረስ አልነበረም። አባቴ ይኼንን ሦስት ዙር እንደሚቻል ማስረጃ አደረገው፤ ወንድሜ ደግሞ ባዝራዋ ያልተሰበረችው እሱ ስለወረደ ነው አለ። ይኼንን ግን እርስ በርሳቸው አልተባባሉም። ሁለቱም የተናገሩት ለእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አባቴ «ልጅ አዋረደኝ» ብሎ ለማንም አልተናገረም። ምሳ በአንድ ትሪ እንበላለን፤ እጆቻቸው በእንጀራው ላይ አይገናኙም። «ገብስ መግዛት አለበት በይው» ይለኛል አባቴ፣ ወንድሜ እዚያው ተቀምጦ። «ገዝቻለሁ በይው» ይለኛል ወንድሜ። አንዴ ተቆጥቼ «እኔ አስተርጓሚ ነኝ? ሁለታችሁም ትግርኛ ታውቃላችሁ!» አልኳቸው። ሁለቱም ሊሥቁ ምንም አልቀራቸውም። አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ተነሣና ወጣ።

በዚያ ዓመት ከተማው ተለወጠ። ፎርቶ ምሽግ ላይ ወታደር በዛ። በየመንገዱ ወጣቶች እየተያዙ ይጠየቁ ጀመር። በትምህርት ቤት ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ይቀሩና ስማቸውን ስጠራ የሚመልስ አይኖርም፤ ማንም የት ሄዱ ብሎ አይጠይቅም። ወንድሜ ከኦፊቺናው ጓደኞቹ ጋር እያመሸ መምጣት አበዛ። የሚያስበውን አልነገረኝም። እኔም መንግሥት የቀጠረኝ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁትም።

በክረምቱ መካከል አንድ ጠዋት ወደ ገበያ ልወጣ ስል ከጋጣው ጠራኝ። የባዝራዋን ግራ የፊት እግር ይዞ ነበር።

«ይኼኛው ሲሞቅ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው» አለኝ። «ሣር ላይ እንጂ ድንጋይ ላይ አትቁም። አትርሺ።»

«እሺ» አልኩት። ለዚያ ቀን መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አልነበረም። በማግስቱም አልመጣም። የሥራ ልብሱ ታጥቦ ከገመዱ ላይ ተሰጥቷል። እኔም አባቴም የት እንደሄደ አወቅን፤ እንደሱ የሄደ ልጅ ከብዙ ቤት ነበር። ቃሉን ግን አፋችን አላወጣውም።

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ጠየቁ። አንደኛው አባቴን ከሥራ ዘመኑ ያውቀዋል፤ ቆሞ በክብር ነው ያነጋገረው። «ምጽዋ ሥራ አግኝቶ ወርዷል» አላቸው አባቴ፣ እሱ ራሱ በማይወደው አማርኛው። ሲሄዱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈረሰኛ ፖሊስ ሆኖ ሌባ ሲዋሸው ፊቱን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር። ራሱ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያሰበ መሰለኝ፤ በመዳፉ ደጋግሞ ጠረገው።

ባዝራዋ ጓሮው ውስጥ ቀረች። መጀመሪያ ላይ የማበላትም የማጠጣትም እኔ ነኝ። አባቴ አይጠጋትም። እሷ ግን የኦፊቺናው ሠራተኞች በሚወጡበት ሰዓት ጆሮዋን አቁማ ወደ በሩ ትመለከታለች። አባቴ ይኼንን ከመስኮቱ ያያል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጓሮው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት፤ የባዝራዋ እግር ጭኑ ላይ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለበት ነበር።

«ሙቀት አለው» አለኝ፤ ቀና አላለም። «ነካ ሳደርገው ሰጠችኝ። እንዲሁ አንሥታ ሰጠችኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ የሱ ሆነች። ድንጋዩን ከጓሮው ለቀመ። ገብሱን ራሱ ያበጥራል። ማታ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዟት ይወጣል፤ አይጋልባትም፣ እየመራ ነው የሚሄደው፤ አስፋልቱን ትቶ ወደ ማይ ተመናይ በሚወስደው የአፈር መንገድ። አዳዲሶቹ ቪላዎች በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሰላም ይሉታል። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። ስለ ወንድሜ አናወራም። ስለ እግሯ ግን ብዙ ያወራል። «የዱሮው ፈረስ ያመዋል ግን አይነግርህም፤ ይኼኛዋ ትናገራለች» ይል ነበር። «ስትረግጥ ትነግርሃለች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።» ለእኔ እየተናገረ ለምን «ህ» እንደሚል አልጠየቅሁትም። ለማን እንደሚነግር አውቅ ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። አባቴ እስከ መጨረሻው በጋቢው ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ሌላው ጉዳይ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተነሣ።

«ዙሩ ሁለት ይሁን» አለ።

የዳኞቹ አለቃ በሚያየው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየው። «ይኼንኑ ልጅህ ሲጠይቀን እምቢ ያልክ አንተ ነህ።»

«እወ። እኔ ነኝ።»

«ምን ተገኘ ታዲያ? ያልከው ሁሉ ውሸት ነበር?»

«ውሸት አልነበረም። አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። አጥንታቸው ይሳሳል፤ ልጆቻቸው የባሱ ይሆናሉ። ይኼ የኛ ጥፋት ነው፤ እኛ ነን ያላረባናቸው። እነሱ ግን ያለ ጥፋታቸው ነው የሚሰበሩት። እኔ ያን ጊዜ በጣቴ ለክቼ ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ የባዝራዋን እግር ይዤ ተቀምጫለሁ።»

አንድ ሽማግሌ «ዘንድሮ ሁለት፣ ከርሞ አንድ፣ ከዚያ በኋላ ተሸክመን ልናዞራቸው ነው» ብሎ አጉረመረመ። ፈረሱ የሞተበት የአባቴ ጓደኛ ግን ተነሥቶ አባቴ አጠገብ ቆመ፤ መቆሙ በቃ። ሁለት ይሁን ተባለ።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ ተለውጦ ነበር። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ደጃችን ስንደርስ «ይሰማል» አለኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ይወራል። የትም ቢሆን ይሰማል።»

ውድድሩ ግን አልተደረገም። ከመስቀል በፊት ሜዳው የወታደር ሆነ፤ ድንኳን ተተከለበት፤ ከከተማ መውጣት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ያን ዓመት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ሰው በብዛት መሰብሰብ ተከለከለ። ሁለቱ ዙር አንድ ጊዜ እንኳ አልተጋለበም። ልጅና አባት ስለሱ የተኳረፉበት ነገር፣ ሽማግሌዎቹ የተከራከሩበት ነገር፣ ማንም ሳያየው እንዲሁ አለፈ። አባቴ መጀመሪያ ሲሰማ «ባዶ ይቅር ብዬ ነበር» አለ።

መንገዱ ሲዘጋ ገብስና ድርቆሽ ከመንደር መምጣት አቆመ። ባዝራዋ ጎድኖቿ ታዩ። አባቴ ከራሱ ድርሻ እንጀራ እየቆረሰ ሲሰጣት ደርሼበት አውቃለሁ። ጋሪ ያላቸው ሰዎች መጥተው ጠየቁት፤ ኣይፋልን፣ አይሆንም፣ አላቸው። በመጨረሻ በሰፈራችን ዳቦ ቤት የነበረው ሰው መጣ። ጭነቱ ዳቦ ብቻ እንደሆነ፣ መንገዱም ሜዳ እንደሆነ ነገረው። አባቴ ጋሪውን ራሱ ሄዶ አየው፤ ባዶውን ገፋው፣ በዳቦ ሞልቶ ገፋው። ከዚያ ወስዶ ሰጠው፤ እግሯን እንዴት እንደሚጠቀልል አሳየው። ወደ ቤት ሲመጣ ልጓሟን ይዞ ነበር፤ ለምን አልተውክለትም ብዬ ብጠይቀው ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀለው።

ባዝራዋ ጠዋት ጠዋት በደጃችን ታልፍ ነበር። የጋሪው ደወል ሲሰማ አባቴ ወጥቶ ይቆማል። ባለ ዳቦው ያቆምለታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ እግሯን ይዳስሳል፤ «የቐንየለይ» ብሎ ያመሰግነዋል፤ ያልፋሉ። በደህናው ቀን እንዲህ ነበር። በኋላ ሳንባውን ሲያመው መውጣት አቃተው፤ በአልጋው ሆኖ ደወሉን ይሰማል። «ታነክሳለች?» ይለኛል። «ደህና ናት፣ አቦይ።» «ግራውን እይው እስቲ።» ወጥቼ አይቼ እመለሳለሁ። እውነቱን ነው የምነግረው፤ ትንሽ ስታነክስ ትንሽ ታነክሳለች እለዋለሁ። ሊዋሹት የሚወድ ሰው አልነበረም።

የሞተው በጾም ወራት፣ ጠዋት፣ እኔ ፊቱን እያጠብኩት ነው። የመጨረሻው ንግግሩ ስለ ውሃው ነበር፤ ቀዘቀዘ አለኝ። ላሞቀው ስነሣ አልፏል።

በአገራችን ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ባዶ ኮርቻ ተጭኖበት፣ በለቅሶው መካከል ይዞራል። ሽማግሌዎቹ ፈረስ ፈለጉ፤ ከተማው ውስጥ ከጋሪ ፈረስ በቀር አልነበረም። ከመንደር ማምጣት አይቻልም። የአባቴ ጓደኛ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ባለ ዳቦው ጥያቄ ሳያበዛ ባዝራዋን ከጋሪው ፈታ፤ እሱም ተከትሎ መጣ። የአባቴን ኮርቻ ጫኑባት። ዱቄት ጋማዋ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ የጠረግሁላት። አልቃሾቹ መካከል ስትገባ ጩኸቱ አስደንግጧት ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ግራ እግሯን ስትረግጥ አንገቷ ዝቅ ይላል። ሰው ሁሉ አየ። ያ አጉረምራሚ ሽማግሌ ዘንጉን አንሥቶ አስቆማቸው።

«ይበቃታል» አለ። «አታዙሯት። እዚህ ትቁም።»

ቆመች። ለቅሶው በሷ ዙሪያ ሆነ። ሲያልቅ ባለ ዳቦው ኮርቻውን አውርዶ ይዟት ሄደ፤ የማግስቱ ዳቦ ነበረ።

ወንድሜ አባቱ መሞቱን ሰምቷል ብዬ አስብ ነበር። ሰምቶ በረሃ ውስጥ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ሲያለቅስ ይታየኛል፤ የአባቴ ሐሳብ ስለተለወጠበት ስብሰባም ሰው ነግሮታል ብዬ እጽናናለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከቆላ እህል የምታመጣ አንዲት ነጋዴ ሴት ቤቴ መጣች። ከረጢቷን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ውሃ ጠየቀችኝ። ጠጥታ ስትጨርስ ነገረችኝ። ወንድሜ የሞተው በሄደበት በዚያው ክረምት፣ ገና ደጋውን ሳይለቅ ነው። አባቴ የባዝራዋን እግር ጭኑ ላይ ይዞ ባገኘሁት ጊዜ ወንድሜ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሁለት ይሁን ሲል አልነበረም።

ሴትዮዋ እስክረጋጋ አብራኝ ተቀመጠች፤ ከዚያ ገበያ እንዳይረፍድባት ሄደች። መንግሥትን ሊወጋ በረሃ ለወጣ ልጅ በአደባባይ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ነጠላዬን ገልብጬ ለብሼ ለጎረቤቶቼ አንድ የሩቅ ዘመድ ሞተብኝ አልኳቸው። መጡ። ምንጣፍ አነጠፉ፣ ንፍሮ ቀቀሉ። ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደሚዛመደኝ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እጄን ይዛ ቆየች፤ ቀስ ብላ በጆሮዬ፣ እህቴ ብላ በትግርኛ፣ «አልቅሺ፣ ሓፍተይ» አለችኝ። አለቀስኩ።